ለእማዬ የመረጥኩት ልብስ

በቤታችን ሕግ የሚባል ነገር አንድ ብቻ ነበር፤ እሱም «የሰው ልብስ የሰው ነው» የሚል ነው። እናቴ ላውንደሪ ነበራት። ከፊት ሱቁ፣ ከኋላ መኖሪያችን፣ መሃል ላይ ደግሞ ረጅም የእንጨት ባንኮኒ። ልብስ ከባንኮኒው ወዲህ ከገባ አደራ ነው። ይታጠባል፣ ይተኮሳል፣ ይሰቀላል እንጂ አይለበስም፤ መስታወት ፊት ደረት ላይ ተለጥፎ እንኳ አይታይም።

ይህን ሕግ የጣሰ አንድ ሰው አውቃለሁ። ካውያ የሚይዝልን ሰውዬ የደንበኛ ሱፍ ለብሶ ሠርግ ሄደ። መሃል ገብቶ ሲጨፍር ከጎኑ የሚጨፍረው ሰው የሱፉ ባለቤት ሆኖ አረፈው። በማግስቱ ካውያው አጠገብ አላየሁትምና «የት ሄደ?» ብዬ ወንድሜን ጠየቅኩት። ወንድሜ ጣቶቹን እንደ ብረት ፍርግርግ ፊቱ ላይ ዘረጋና «ገባ!» አለኝ። ሰውዬው ሌላ ሰፈር የራሱን ላውንደሪ ከፍቶ በደህና ይኖር እንደነበር የሰማሁት ትልቅ ሰው ከሆንኩ በኋላ ነው። ያኔ ግን ማታ ማታ እራቱን ማን እንደሚያደርስለት እያሰብኩ አዝንለት ነበር።

የእኔ ሥራ ኪስ መፈተሽ ነበር። እጄ ትንሽ ስለሆነች የማትገባበት ኪስ የለም። የተገኘው ሁሉ፣ ማበጠሪያም ይሁን የሲኒማ ቲኬት፣ በላስቲክ ይቋጠርና በመርፌ ቁልፍ ልብሱ ላይ ይያዛል። ባለቤቱ ሲመጣ ከነልብሱ ይረከባል። በዚህ ሥራዬ እኮራ ነበር፤ ትምህርት ቤት «ስታድጊ ምን መሆን ትፈልጊያለሽ?» ሲሉኝ «ሆኛለሁ» ነበር መልሴ።

ጄኔራሉ መምጣት የጀመረው በዚያ ጊዜ ነው። ስሙን ያወጣለት ወንድሜ ነው። ቁመቱ ረጅም፣ አነጋገሩ ዝግ ያለ፣ ሲቆም እንደ ምሰሶ ቀጥ የሚል ሰው ነበር። ታቅፎት የሚመጣው ካፖርት ደግሞ ትከሻው ላይ የወርቅ ገመድ የተጎነጎነበት፣ ደረቱ ላይ የነሐስ ቁልፎች በሁለት ረድፍ የተደረደሩበት ነው። እንዲህ ያለ ልብስ ያለው ሰው ወይ አገር ያስተዳድራል ወይ ሰው ያስራል ብዬ ደመደምኩ።

ነገሩ እንዲህ ነው፤ ካፖርቱ ንጹሕ ነበር። የላውንደሪ ልጅ ነኝ፣ ኮሌታ አሽትቼ ሰውየው ሲጋራ ያጭስ አያጭስ፣ አውቶቡስ ተሳፍሮ ይሁን በእግሩ ሄዶ እናገራለሁ። የጄኔራሉ ኮሌታ ግን የሚሸተው የራሳችንን ሳሙና ነው። ሰው ንጹሕ ልብስ ለምን ያሳጥባል?

ኪሱም አላማረኝም። ቀኝ ኪሱ ውስጥ አንድ ከረሜላ አገኘሁ። ረስቶት ነው ብዬ ቋጥሬ መለስኩለት። በሚቀጥለው ሲመጣ ሁለት ከረሜላ። ያኔ ነቃሁ። ይህ ሰው እየፈተነን ነው፤ ከሰው ኪስ እንሰርቅ እንደሆነ ሊያጣራ ነው የሚመላለሰው! ሁለቱንም ከረሜላ ቋጥሬ ካፖርቱ ደረት ላይ፣ ልክ እንደ ሜዳልያ፣ በመርፌ ቁልፍ ሰካሁለት። ካፖርቱን ሲረከብ ከረሜላዎቹን አየ፣ እኔን አየ፣ ቀጥሎ እናቴን አየ። ትከሻው ወረድ አለ። ወጥመዱ ባዶውን ስለተመለሰበት ከፋው ብዬ በሆዴ ሳቅኩበት።

ዛሬ ሳስበው አንጀቴን ይበላኛል። ሰውየው መሃል ከተማ ያለ አንድ ትልቅ ሆቴል በር ከፋች ነበር። ካፖርቱ የሥራ ልብሱ ነው። ሆቴሉ ምድር ቤቱ ውስጥ የራሱ ላውንደሪ ነበረው፣ የሠራተኛውን ልብስ በነፃ ያጥባል። እሱ ግን ካፖርቱን እንደ ሕፃን ታቅፎ፣ አውቶቡስ ቀያይሮ እኛ ጋ ይመጣ ነበር። ካፖርቱ ንጹሕ መሆኑን እናቴ ከእኔ ቀድማ አውቃለች፤ እያወቀች አጥባ ትመልስለታለች።

የዚያ ዓመት ልደታችን ሲቃረብ ቤቱ የጦር ሜዳ ሆነ። የእኔና የወንድሜ ልደት ስለሚቀራረብ ሁልጊዜ አንድ ላይ ነው የሚከበረው። እኔ ዘጠኝ ልሞላ ነው፣ እሱ አሥራ አምስት። እኔ ፊኛ እፈልጋለሁ፣ እሱ ሙዚቃ። የእኔ ጓደኞች ኬክ ሲያዩ ይጮኻሉ፣ የእሱ ጓደኞች ግድግዳ ተደግፈው ጫማቸውን ያያሉ።

«አፍንጫቸውን ከማይናፈጡ ልጆች ጋር ልደት አላከብርም» አለ ወንድሜ።

«ያንተስ ትላልቆቹ መናፈጥ ከቻሉ ገና ስንት ጊዜ ሆናቸው?» አለችው አክስቴ።

አክስቴ የእናቴ ታናሽ ናት። ሱቃችን ጥግ ላይ የስፌት መኪናዋን ዘርግታ ሱሪ ታሳጥራለች፣ ዚፕ ትቀይራለች፣ የሰፈሩን ወሬም ታደርሳለች። «ሬዲዮ» ነበር የምንላት። መፍትሔውን ያመጣችው እሷ ናት።

«ሁሉም ሌላ ሰው መስሎ ይምጣ» አለች። «ትንሹም ትልቁም። አንዱ ሐኪም፣ አንዱ ሹፌር፣ አንዱ ሽማግሌ ይሁን። ያኔ ዕድሜ ማን ይጠይቃል?»

«ልብሱስ ከየት ይመጣል?» አለች እናቴ።

አክስቴ በመቀሷ ወደ ኋላ አመለከተች። የኋላውን ግድግዳ ይዞ «የተረሱት» የምንለው መስቀያ ነበር። ሰዎች ሰጥተው ያልተመለሱባቸው ልብሶች ናቸው። የአብራሪ ጃኬት፣ ነጭ አንገት ያለው ጥቁር የዳኛ ካባ፣ የወጥ ቤት ነጭ ልብስ፣ ሦስት ሰው የሚያስገባ ካፖርት፣ ኪስ የሞላበት የመካኒክ ቱታ፣ ዓይነ ርግቡ ሳይቀር ቬሎ። ቬሎ ሰጥቶ የሚረሳ ሰው ምን ዓይነት ነው ብለን ስንት ጊዜ ተከራክረንበታል። እናቴ አንዱንም ሸጣ አታውቅም። ባለቤቶቹ አንድ ቀን ይመጣሉ ብላ በየጊዜው አቧራቸውን ታራግፋለች።

«የሰው ልብስ?» አለች እናቴ።

«ሰዎቹ እኮ ረስተውታል።»

«ቢያስታውሱስ?»

«ሲያስታውሱ እንሰጣቸዋለን። አልቆርጥም፣ አልሰፋም። ረዘመ የተባለው በመርፌ ቁልፍ ይያዛል። ልብሱስ ቢሆን መስቀያ ላይ ታስሮ ይሙት እንዴ? ትንሽ ይጨፍር።»

እናቴ ካውያዋን ከፍ አድርጋ እንደያዘች የተረሱትን አየቻቸው። መቼም እምቢ ትላለች ብዬ ስጠብቅ «እሺ» አለች። ሕጉን ያወጣችው ራሷ ሕጉን ስትጥስ በዓይኔ አየሁ።

ይሁንና ደስታውም አይጣል ነው። ከትምህርት ቤት መልስ ልጆቹ ተራ እየጠበቁ ይለካሉ፣ አክስቴ በአፏ መርፌ ቁልፍ ይዛ «ቀጥ በል! እንደ ትል አትጠማዘዝ!» ትላለች። የዳቦ ጋጋሪው መንታ ልጆች ትልቁን ካፖርት አብረው ገቡበት፤ አንዱ አንዱ ትከሻ ላይ ወጥቶ አንድ ረጅም ሰው ሆኑ፣ እግር የሆነው ልጅ ግን «እኔ ምንም አይታየኝም!» እያለ ከሆድ በኩል ያለቅስ ነበር። ትላልቆቹ መጀመሪያ በር ላይ ቆመው አፌዙ። በኋላ የወንድሜ የክፍል ጓደኛ የሆነች አንዲት መለሎ ልጅ ገብታ የአብራሪውን ጃኬት አጠለቀችና ኮሌታውን ቀና አደረገች። በማግስቱ የክፍሉ ጎረምሳ በሙሉ ሱቃችን ውስጥ ነበር። ወንድሜ የዳኛውን ካባ ወሰደ። እኔ የመካኒኩን ቱታ መረጥኩ፤ ኪስ ይወደኛል።

አንድ ከሰዓት የወደቁ መርፌ ቁልፎች እየለቀምኩ የመተኮሻው ጠረጴዛ ስር ገብቻለሁ። እናቴና አክስቴ ከላይ ያወራሉ። እንፋሎቱ እየጮኸ ግማሹን ይውጥብኛል።

«እስከ መቼ ትደብቂያለሽ?» ትላለች አክስቴ። «ቅዳሜ ልደቱ ላይ ይምጣና ይለይለት።»

«ልጆቹስ?»

«ልጆቹን ለእኔ ተይልኝ። ሰውየው ከሚገባው በላይ ታግሷል።»

«መታገሱንስ ታግሷል። ግን ትንሿን አይተሻታል? ካፖርቱን ይዞ ሲገባ እንዴት አድርጋ እንደምታየው!»

«ፈርተሽ ፈርተሽ የት ልትደርሺ ነው? የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል።»

እንፋሎቱ እንደገና ጮኸ። ሁሉም ነገር ግልጽ ነበር። ጄኔራሉ ደርሶብናል። የሰው ልብስ ማልበሳችንን አውቋል። ቅዳሜ መጥቶ እናቴን ይወስዳል፣ እኛ ለአክስታችን እንቀራለን። የአክስቴ ምግብ ደግሞ አይበላም።

ወደ ወንድሜ ሮጥኩ። «ጄኔራሉ ቅዳሜ ይመጣል» አልኩት።

ፊቱ ጥቁር አለ። «ማን ነገረሽ?»

«እነ እማዬ ሲያወሩ ሰማሁ።»

«ይምጣ!» አለና በሩን በላዬ ላይ ወርውሮት ወጣ። እሱም እንደኔ እስር ቤቱን ፈርቶ ነው ብዬ ደመደምኩ። ወንድሜ ግን ነገሩን ከገባው ቆይቷል። አባታችን ሲሞት እኔ ገና ዳዴ እል ነበር፤ ለእኔ አባቴ ግድግዳ ላይ ያለ ፎቶ ነው። ለወንድሜ ግን ድምፅ ነው፣ እጅ ነው፣ ብስክሌት ሲነዳ ከኋላ የሚይዘው ሰው ነው። የዚያን ሰው ቦታ ሌላ ሲረግጠው ማየት አልፈለገም። ይህን እኔ አላውቅም።

እኔ የማውቀው አንድ ነገር ነው፤ እናቴን መደበቅ አለብኝ። አልጋ ስር አትገባም። ቁምሳጥኑም ሞልቷል። ሳወጣ ሳወርድ ቆየሁና መፍትሔው ከተረሱት መሃል ነጭ ሆኖ ተሰቅሎ አየሁት።

«እማዬ» አልኳት በማግስቱ፣ «ለልደቴ አንቺም መልበስ አለብሽ።»

«እኔ ደግሞ ምን ልሁን የኔ ዓለም?»

ቬሎውን አሳየኋት። ዓይነ ርግቡ ፊት ይሸፍናል፣ ቀሚሱ እግር ይሸፍናል፣ ከዚያ ውስጥ ያለውን ሰው ማን ይለያል!

የአክስቴ የስፌት መኪና ቀጥ አለ። እናቴ የያዘችውን አንሶላ ጣለችው። «ይሄን?» አለች። «ይሄን ለምን መረጥሽልኝ?»

«ይሻልሻል። ይሄን ከለበስሽ ማንም ምንም አይልሽም» አልኳት። «ጄኔራሉም ቢመጣ።»

እናቴ የልብስ ቅርጫቱ ላይ ተቀመጠች። ጎትታ ደረቷ ላይ ለጠፈችኝና አለቀሰች፤ እያለቀሰች ደግሞ ትስቃለች። አክስቴ «ሕፃን ናት ስትይኝ ነበር! ከሁላችንም ቀድሞ የገባት እሷን ነው!» እያለች ዓይኗን በሰው ሱሪ ጠረገች። እኔ ኮራሁ። በመጨረሻ ብልሃቴን የሚረዳ ሰው ተገኘ።

እስከዚያች ሰዓት ድረስ እናቴ ቅዳሜ እምቢታዋን ልትነግረው ቆርጣ ነበር። ይህን የነገረችኝ እኔ ራሴ ትዳር ከያዝኩ በኋላ ነው። ካፖርቱ ላይ የሰካሁትን ከረሜላ ስታይ «ልጄ አልፈልግህም እያለችው ነው» ብላ ተርጉማዋለች። ሰውየውንም «ከእንግዲህ ሆቴልህ ይጠብልህ» ብላ ልታሰናብተው ነበር። እኔ ኪሱን ስጠብቅለት፣ እሷ ልቤን አነብባለሁ ብላ ስትሳሳት፣ እሱ ደግሞ ለእኔ ብሎ ከረሜላ ሲያበዛ ሦስታችንም ስንት ጊዜ በከንቱ ተጨነቅን።

ቅዳሜ ደረሰ። ሱቁን ዘጋን፣ የመተኮሻው ጠረጴዛ ላይ ነጭ አንሶላ አንጥፈን ኬኩን አስቀመጥን፣ ልብስ መስቀያዎቹ ላይ ፊኛ አሰርን። ትላልቆቹ ሙዚቃውን ከፈቱ። አብራሪዋ ከወጥ ቤቱ ሰው ጋር ትጨፍራለች፣ ረጅሙ ካፖርት ወገቡ ላይ ተጣጥፎ ወደቀና ሁለት ልጅ ሆኖ ተነሣ። አክስቴ ሐኪም ሆና የሁሉንም ምላስ ታያለች። ልደት ነው፣ ደስታ ነው፤ እኔ ግን ቱታዬን ለብሼ ከበሩ ዓይኔን አልነቀልኩም።

እናቴ ከጓዳ ወጣች። ቬሎው ከኋላዋ በመርፌ ቁልፍ ተጠብቧል፣ ዓይነ ርግቡ ፊቷ ላይ ወርዷል። ልጆቹ በጭብጨባ ቤቱን ነቀነቁት። ወንድሜ ካባውን ሰብሰብ አድርጎ ጀርባውን ሰጣት። ያን ጊዜ በሩ ተንኳኳ፣ አክስቴም ከፈተች።

ጄኔራሉ ነው። አክስቴ «ለብሰህ ና» ብላው ኖሮ ካፖርቱን ለብሶ ነው የመጣው። ከነወርቅ ገመዱ፣ ከነነሐስ ቁልፉ፣ ከነባርኔጣው። እናቴን በቬሎ ሲያያት እግሩ ደፉ ላይ ተተከለ። ዕድሜውን ሙሉ ለሰው በር ሲከፍት የኖረ ሰው በተከፈተለት በር መግባት አቃተው።

እኔ መሃላቸው ገብቼ እጆቼን ዘረጋሁ።

«ይቺ እናታችን አይደለችም!» ብዬ ጮህኩ። «እናታችን የለችም! ከከተማ ወጥታለች!»

ሙዚቃውን አንድ ሰው ዘጋው።

«ወዴት ሄደች?» አለ ጄኔራሉ በቀስታ።

«ሩቅ። አትመለስም።» ከዚያ በላይ ውሸቱ አልመጣልኝም፣ እንባዬ ቀደመኝ። «ጋሼ፣ እባክዎን አይውሰዷት! ልብሱን አልሰረቅንም፣ አልቆረጥነውም፣ ሁሉም በመርፌ ቁልፍ ነው የተያዘው! አሁኑኑ አውልቀን እንሰቅለዋለን። ከረሜላውንም አልበላሁም፣ ይጠይቋት!»

እናቴ ዓይነ ርግቡን ገለጠች። ፊቷ አመድ መስሏል። «ወዴት ነው የሚወስደኝ ልጄ?»

«እስር ቤት ነዋ!»

ሰውየው ደፉ ላይ እንዳለ በጉልበቱ ተንበረከከና ቁመቱን ከቁመቴ ጋር አስተካከለ። «እኔ እኮ ፖሊስ አይደለሁም እናቴ» አለኝ። «የሆቴል በር ከፋች ነኝ። ሰው ሲመጣ እከፍታለሁ፣ ሲሄድ እዘጋለሁ። ማሰር አላውቅበትም።»

«ታዲያ ንጹሕ ልብስ ይዘው ለምን ይመላለሳሉ?»

ጆሮው ድረስ ቀላ። እናቴን አየ፣ እናቴ አክስቴን አየች፣ አክስቴም በሕይወቷ ለመጀመሪያ ጊዜ የምትናገረው ጠፋት። የተናገረው ወንድሜ ነው፣ ከጥግ፣ ዞር ሳይል።

«እማዬን ሊያገባት ነው፣ አንቺ ሞኝ!»

ነገሩን በራሴ ውስጥ አዟዟርኩት። «ማግባት ብቻ?» አልኩ።

«ብቻ» አለ ሰውየው።

«ከዚያስ እሷ የት ነው የምታድረው?»

«እዚሁ፣ ከእናንተ ጋር።»

«ማታ ማታ እራት የምትሠራልን ራሷ ናት?»

«ራሷ ናት። እኔም ሳህን አጥባለሁ።»

እፎይታው ከእግር ጥፍሬ ተነሥቶ ራሴ ላይ ወጣ። መሬት ላይ ዝርፍጥ አልኩ። «እህ! ታዲያ ያግቧታ!» አልኩ። «እኔ የምር መስሎኝ!»

ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። መንታዎቹ ምኑም ሳይገባቸው እየተንከባለሉ ሳቁ፣ አክስቴ ጠረጴዛ ተደገፈች። እናቴ ግን አልሳቀችም። ሰውየውም ከተንበረከከበት ተነሣ እንጂ ወደ ውስጥ አልተራመደም። ሁለቱም ወደ ጥግ ያያሉ። ነገሩ በእኔ ያለቀ መስሎኝ ነበር፤ ያላለቀ መሆኑን ያወቅኩት ሳቁ ቀስ በቀስ ሲቆም ነው።

ወንድሜ ዞረ። የዳኛው ካባ ትከሻው ላይ ሰፍቶበት እጆቹ ከእጅጌው አይታዩም። ሰውየውን ከላይ እስከ ታች አየው።

«የአባቴ ፎቶ ከግድግዳው ይወርዳል?» አለ።

«አይወርድም» አለ ሰውየው። «እኔ የመጣሁት እሱ ያለበት ቤት መሆኑን አውቄ ነው። አንተ ካልፈቀድክ ደግሞ ከዚህች ደፍ አላልፍም። ካፖርቴን ይዤ እመለሳለሁ፣ አልቀየምህም።»

ወንድሜ እናቴን አያት። በዚያ በሰው ቬሎ ውስጥ፣ በመርፌ ቁልፍ ተይዛ፣ ትንፋሿን ውጣ ቆማለች። እናታችንን እንዲህ ፈርታ አይተናት አናውቅም፤ አባታችን ከሞተ ወዲህ የምትፈራ ሰው መሆኗንም ረስተን ነበር። ወንድሜ እጁን ከረጅሙ እጅጌ ውስጥ ፈልጎ አወጣና አፍንጫውን ጠረገ።

«ደጅ ላይ አይቁሙ» አለ። «ይግቡ። ኬኩ ሊያልቅ ነው።»

እናቴ ያን ጊዜ ነው የተነፈሰችው። ወንበር ፈልጋ ተቀመጠችና «እፎይ ልጆቼ፣ እፎይ!» አለች፤ ሌላ ቃል አልመጣላትም። ሰውየው ሲገባ ባርኔጣውን አውልቆ ለወንድሜ ጎንበስ አለለት፣ ለሆቴሉ ትልልቅ እንግዶች እንደሚያደርገው። አክስቴ ሙዚቃውን መልሳ ከፈተችው።

ይኸው ስንት ዘመን ሆነ። እኔ ከሳምንት በኋላ «አባባ» አልኩት፣ «አንተ» እያልኩም አደግኩ። ወንድሜ ግን እስከ ዛሬ ድረስ፣ ሁለቱም ሸብተው እንኳ፣ «እርስዎ» ነው የሚለው። አባባ ወንድሜ ቤት ሲሄድ ግን ደወል እስኪደውል አይጠብቀውም፤ መኪናው ገና ሲቆም ወጥቶ በሩን የሚከፍትለት እሱ ነው።